ቤት ውስጥ ሰርቨር ስናገናኝ የሚያሳስቱን ነገሮችና እውነታው

እዚህ ድሬ ሰርግ የሚቀርጹ ጓደኞቼ ሃርድ ዲስክ በየቦርሳው ይዘው መዞር ሲሰለቻቸው ቤታቸው ትንሽ የፋይል ማስቀመጫ ሰርቨር ማቆም ጀምረዋል፣ በጣም ደስ ይለኛል፣ ግን በምን ላገናኘው ብለው ሲጠይቁ የሚሰጣቸው ምክር ብዙው የተሳሳተ ነው።

«ኢንተርኔቴ ቀርፋፋ ስለሆነ ሰርቨሩም ይንቀራፈፋል»
አይደለም አቦ! ፋይሉ እኮ ከቤትህ አይወጣም፣ ከላፕቶፑ ወደ ራውተሩ፣ ከራውተሩ ወደ ሰርቨሩ፣ አለቀ። ፓኬጅህ 5 ሜጋም ሆነ 50 ሜጋ አያገባውም፣ ኢንተርኔት ጭራሽ ቢቋረጥ እንኳን መብራት እስካለ ድረስ ትሰራለህ። ስለዚህ ፓኬጅ ከማሳደግህ በፊት የራውተርህ ፖርት (የኬብል መሰኪያው) ፍጥነት ስንት እንደሆነ እይ፣ ብዙ ርካሽ ራውተሮች ላይ 100 ሜጋቢት ብቻ ነው።

«100 ሜጋ ካለኝ በሰከንድ 100 ሜጋ እገለብጣለሁ»
ኔትወርክ የሚለካው በቢት ነው ፋይል ደግሞ በባይት፣ ለ8 ማካፈል አለብህ። የ100 ሜጋቢት ፖርት በተግባር በሰከንድ 11 ሜጋባይት አካባቢ ነው የሚሰጥህ፣ ጊጋቢት ደግሞ 110 አካባቢ። የሰርግ ቪዲዮ የሞላበት 64 ጊጋ ካርድ በመጀመሪያው ከ1 ሰዓት ተኩል በላይ ይፈጃል፣ በሁለተኛው ግን 10 ደቂቃ ገደማ። አንድ ጊጋቢት ስዊች (ብዙ የኔትወርክ ኬብል የሚሰካበት ማከፋፈያ ሳጥን) ገዝተህ ላፕቶፑንና ሰርቨሩን እዛ ላይ ብትሰካቸው ራውተሩን መቀየርም አያስፈልግህም።

«ኬብል ያው ኬብል ነው»
በዚህ እኔ ራሴ አንድ ሳምንት ተቃጥያለሁ። ሁሉም እቃ ጊጋቢት ሆኖ ፍጥነቱ ከ11 ሜጋባይት አላልፍ አለ፣ ዲስክ ቀየርኩ፣ ሲስተሙን እንደገና ጫንኩ፣ ምንም የለም፣ በመጨረሻ ኮኔክተሩን ሳየው ከ8ቱ ሽቦ አንዷ በደንብ አልገባችም። ጊጋቢት 8ቱንም ይፈልጋል፣ 100 ሜጋቢት ግን በ4ቱ ብቻ ስለሚሰራ የተገናኘ ይመስላል፣ የፖርቱ መብራትም ይበራል። ደሞ ውድ ካት 8 ምናምን አትግዙ (ካት ማለት የኬብሉ ደረጃ ነው)፣ ንጹህ መዳብ የሆነ ካት 5ኢ እስከ 100 ሜትር ድረስ ጊጋቢት ይችላል። መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ግን ርካሽ ቢሆንም ይቅርባችሁ።

«ዘመናዊ ዋይፋይ ካለ ገመድ ለምኔ»
ሐረር ጁገል ውስጥ ያለው የአክስቴ ቤት ግድግዳው ወፍራም ድንጋይ ነው፣ ራውተሩ ካለበት ክፍል ወጣ ስትል ሲግናሉ ይሞታል፣ በተለይ 5 ጊጋኸርዝ የሚባለው የዋይፋይ ሞገድ። ግድግዳው ስስ ቢሆንም ላፕቶፑም ሰርቨሩም በዋይፋይ ከሆኑ ያንኑ አየር ተሻምተው ፍጥነቱ ግማሽ አካባቢ ይወርዳል። ስልክህ በዋይፋይ ይሁን፣ ሰርቨሩ ግን ሁሌም በገመድ።

«ዩኤስቢ ዲስክ ቀርፋፋ ነው፣ ሳታ ብቻ ነው የሚሆነው»
ሳታ ማለት ዲስክ ኮምፒውተር ውስጥ በቀጥታ የሚሰካበት ገመድ ነው። ዩኤስቢ 2 ከሆነ አባባሉ እውነት ነው። ዩኤስቢ 3 ግን 5 ጊጋቢት ነው፣ የሚሽከረከር ዲስክ ራሱ በሰከንድ ከ250 ሜጋባይት ብዙም አያልፍም፣ ስለዚህ ፍጥነት አይደለም ችግሩ። ችግሩ መነቃቀሉ ነው፣ ገመዱ ይላላል፣ ሁለት ዲስክ ከአንድ ትንሽ ቦርድ ኮምፒውተር ኃይል ሲስቡ አንዱ ይጠፋል፣ በድሬ ሙቀት ደግሞ ፋን የሌለው ፕላስቲክ ኬዝ ውስጥ ዲስኩ ይግላል። ቦታ ያለው አሮጌ ዴስክቶፕ ካለህ በሳታ እሰረው፣ ከሌለህ የራሱ አዳፕተርና ፋን ያለው ኬዝ ግዛ። ዲስኩ በድንገት ከጠፋብህ መጀመሪያ ገመዱን ቀይረህ ሞክር እንጂ «ፎርማት ይደረግ?» ሲልህ እሺ እንዳትል፣ ፋይሉ እዛው ሊኖር ይችላል።