ሥር የሰደደ የአንገት ሕመምና በምስል የሚመራው ቀዶ ሕክምና

አንገት 7 አጥንቶች አሉት። ከአጥንቶቹ መሃል 8 ጥንድ ነርቮች ይወጣሉ። ሕመሙ ከ3 ወር ካለፈ ሥር የሰደደ ይባላል፤ ያም ሆኖ አብዛኛው ታማሚ ቀዶ ሕክምና አያስፈልገውም። ቀዶ ሕክምና በዋናነት የሚታሰበው ነርቭ ወይም ህብለ ሰረሰር ሲጫን ነው። ያኔ ትልቁ ጥያቄ "የቱ ጋ?" የሚለው ነው።

ራጅ የተገኘው በ1895 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1950ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ስሚዝና ሮቢንሰን፣ እንዲሁም ክሎዋርድ የተባሉ ሐኪሞች፣ በአንገት ፊት ለፊት ገብቶ ዲስክ (በአጥንቶቹ መሃል ያለውን ትራስ መሳይ አካል) የማውጣትን ዘዴ አስተዋወቁ። አካልን በራጅ ቁራጭ በቁራጭ የሚያሳየው ሲቲ ስካን በ1971 ለንደን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ታማሚ ላይ ተሞከረ። በማግኔት የሚሠራው ኤምአርአይ ከዚያ በኋላ መጣ።

ኤምአርአይ ዲስኩንም ነርቩንም ጥርት አድርጎ ያሳያል። ሕመምን ግን አያሳይም። በ1990 በወጣ ጥናት ምንም ከማያማቸው 63 ሰዎች 19 በመቶው አንገታቸው ላይ ችግር ታይቶባቸዋል። በ2015 ጃፓን ውስጥ ከ1,200 በላይ ጤነኛ ሰዎች ኤምአርአይ ሲነሱ ደግሞ 87.6 በመቶው ያበጠ ዲስክ ተገኘባቸው! ስለዚህ "ዲስክህ ተንሸራቷል" የሚል ወረቀት ብቻውን ለቀዶ ሕክምና አይበቃም። ምስሉና ምልክቱ መገጣጠም አለባቸው። አውራ ጣት ከደነዘዘ ብዙ ጊዜ የሚጠረጠረው 6ኛው ነርቭ ነው፣ የመሃል ጣት ከሆነ 7ኛው።

ቀዶ ጥገና ክፍል ውስጥ ሥራው የራጅ ነው። ታማሚው በጀርባው ተኝቷል። ትከሻው የታችኞቹን አጥንቶች ስለሚሸፍን በፕላስተር ወደ እግሩ አቅጣጫ ይሳባል። ሐኪሙ ዲስኩ ውስጥ ትንሽ መርፌ ይሰካል፤ በጣም እንዳይጠልቅ ጫፉን ቀድሞ አጥፎታል። ጨረር የሚከላከል የእርሳስ (ሊድ) ሽርጥ የለበሰው የራጅ ባለሙያ በጎን በኩል አንድ ምስል ያነሳል። ከዚያ ጥርስ መሳይ ጫፍ ካለው ከሁለተኛው አጥንት ጀምሮ ወደ ታች ይቆጠራል። የተሳሳተ ዲስክ እንዳይነካ የሚያደርገው ይህ ቆጠራ ነው፤ የባለሙያው ስም ብዙም ባይነሳም የሐኪሙ እጅ የሚተማመነው በእሱ ምስል ነው።

ራጅ የማያየውን ሕመም እንኳ በራጅ እየተመሩ ማከም የቻሉ አሉ። ከመኪና አደጋ በኋላ የሚቀር የአንገት ሕመም ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከኋላ ካሉት ትንንሽ መገጣጠሚያዎች ነው፣ ምስል ላይም ላይታይ ይችላል። አውስትራሊያ ውስጥ በ1996 የወጣ ግሩም ጥናት መጀመሪያ በማደንዘዣ መርፌ የሚያመውን መገጣጠሚያ ለየ። ቀጥሎ በራጅ እየተመራ ወደ ነርቩ መርፌ አስገባ። ለ12 ታማሚዎች ነርቩን ለማቃጠል መርፌው 80 ዲግሪ ሞቀ፣ ለሌሎቹ 12 ግን ከሰውነት ሙቀት አላለፈም። ሕመሙ እንደገና ተነስቶ የቀድሞውን ግማሽ እስኪደርስ በአማካዩ ታማሚ ላይ የፈጀው በመጀመሪያው ቡድን 263 ቀን፣ በሁለተኛው 8 ቀን ነበር። ነርቩ ተመልሶ ስለሚያድግ ሕክምናው ሊደገም ይችላል።

ዲስክ ውስጥ ፈሳሽ ወግቶ ሕመሙን በመቀስቀስ ቦታውን መለየት ግን አከራካሪ ነው።

እኛ ጋ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የነርቭ ቀዶ ሕክምና ሥልጠና በ2006 ከኖርዌይ ባለሙያዎች ጋር ተጀምሯል። ወደ ቀዶ ሐኪም የምትሄዱ ከሆነ የተጻፈውን ውጤት ብቻ ሳይሆን ፊልሙን ወይም ሲዲውን፣ የድሮውንም ጭምር፣ ይዛችሁ ሂዱ። ሐኪሙ ምስሉን በራሱ ዓይን አይቶ ከምልክታችሁ ጋር ማመሳከር ይፈልጋል።