«ኧረ ቅርብ ናት!» እና ሌሎች ወጨጫ ላይ የሚያስመሹ እምነቶች

ለእሁድ የወጨጫ ተራራ የእግር ጉዞ ሰው ስሰበስብ የመጀመሪያው ጥያቄ ሁልጊዜ «ስንት ኪሎ ሜትር ነው?» ነው። ደርሶ መልስ 16 ያህል እንደሆነ ስናገር ወዲያው «ብቻ? ሦስት ሰዓት አይፈጅማ!» ይሉኛል። ለእያንዳንዱ ደዋይ ማስረዳት ስለሰለቸኝ እዚህ ጽፌው ልገላገል።

ቦታውን ለማያውቅ፦ ወጨጫ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ የሚታየው የጠፋ እሳተ ገሞራ ነው። ከፍተኛው ጫፉ ዳሞቻ 3,385 ሜትር ይደርሳል። ጎኑን የሸፈነው የመናገሻ ሱባ ደን ነው፤ ከታች ጥድ፣ ዝግባና ወይራ፣ ከፍ ሲሉ ኮሶ፣ ከዚያ አስታ። (በነገራችን ላይ ዛፉ ሁሉ አጼ ዘርዓ ያዕቆብ ያስተከሉት አይደለም። ዘሩ ከሰሜን ሸዋው ወፍ ዋሻ ደን መጣ የሚባለው ስለ ነባሩ ጥድ ነው፤ በመደዳ የቆመው የፈረንጅ ጥድና ባሕር ዛፍ የቅርብ ዘመን ተክል ነው።)

«16 ኪሎ ሜትር ሦስት ሰዓት ነው።» አስፋልት ላይ፣ ለፈጣን እግረኛ፣ እሺ። ተራራ ላይ ግን ሽቅቡም ይቆጠራል። ዊልያም ኔይስሚዝ የሚባል ስኮትላንዳዊ ተራራ ወጪ በ1892 እ.ኤ.አ. ያወጣው ስሌት እስካሁን ይሠራል፦ ለየ5 ኪሎ ሜትሩ 1 ሰዓት፣ በዚያ ላይ ለየ600 ሜትር ዳገት ሌላ 1 ሰዓት። 16 ኪሎ ሜትር ተጉዘን 900 ሜትር ሽቅብ ከወጣን፣ 3 ሰዓት ከ12 ደቂቃ እና 1 ሰዓት ተኩል ተደምሮ 4 ሰዓት ከ42 ደቂቃ ይመጣል። ይህ ደግሞ ያለ ምሳ፣ ያለ ፎቶ፣ «ጫማዬን ላስረው ጠብቁኝ» ሳይባል የሚሄድ ብርቱ ሰው ሰዓት ነው። እኔ ለቡድን ግማሹን እጨምርበታለሁ፤ 7 ሰዓት።

አሁን ይህን 7 ሰዓት ቀኑ ውስጥ አስገቡት። በእኛ አገር ፀሐይ ክረምት ከበጋ ከ12 ሰዓት ገደማ እስከ 12፡45 ባለው ጊዜ ትጠልቃለች፤ ከጠለቀች በኋላ ደግሞ ድንግዝግዙ አይቆይም፣ ዛፍ ሥር ጨለማው ቀድሞ ይገባል። ጠዋት 2 ሰዓት እግራችን ከተነሳ 9 ሰዓት ላይ ቡና እየጠጣን ነው። 5 ሰዓት ከተነሳን 12 ሰዓት ይሆናል፤ አንድ ሰው እግሩ ቢታጠፍ ደግሞ በባትሪ መውረድ ነው። አንድ ጊዜ የልደት በዓል የሚያከብር ቡድን «ደረስኩ፣ ሜክሲኮ ነኝ» የሚል ጓደኛቸውን ሲጠብቅ ረፈደና 5 ሰዓት ላይ ጀመርን። 8 ሰዓት ሲሆን ጫፉ ፊት ለፊታችን እየታየ መለስኳቸው። ባለልደቱ ተኮሳትሮ አላናገረኝም፤ ስንወርድ አንዷ ጉልበቷን ይዛ ተቀመጠች፣ ደኑ ውስጥ መሸብን፣ ከዚያ ወዲያ የተኮሳተረ አልነበረም። ስለዚህ የመነሻ ሰዓት ብቻ ሳይሆን የመመለሻም ሰዓት ከቤት ተወስኖ ይወጣል። የእኔ ከቀኑ 7 ሰዓት ነው፤ ጫፉ በድንጋይ ውርወራ ቢቀርም ዞሬ እመለሳለሁ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

መንገድ ላይ ያገኛችሁት ገበሬ «ኧረ ቅርብ ናት፣ ከጉብታዋ ጀርባ» ካላችሁ ደግሞ አልዋሸም። እሱ በየቀኑ ሸክም ይዞ ይወጣታል፤ እናንተ ቢሮ ነው የምትውሉት። ርቀቱን አትጠይቁት፣ መንገዱን ጠይቁት።

«ጫፍ ከደረስን አለቀ።» ግማሹ ነው ያለቀው። ዳገት ትንፋሽ ይፈልጋል፣ ቁልቁለት ግን ጉልበት ይበላል፤ የረገፈ ቅጠል የሸፈነው ጭቃም ያዳልጣል። ዱላ ያዙ፣ እርምጃ አሳጥሩ።

«አዲስ አበባ ስለምንኖር ከፍታ አይነካንም።» በከፊል እውነት ነው፤ ሆኖም ጫፉ ከከተማው 1,000 ሜትር ያህል ይበልጣል። በተለይ ከዲሲ በመጡ ማግስት ሊወጡ የሚነሱ ዘመዶቻችሁን እባካችሁ ጥቂት ቀን አሳርፏቸው። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከመጣ መድኃኒት ውጦ መቀጠል የለም፤ መውረድ ነው።

«ቀዝቃዛ ስለሆነ ፀሐዩ አያቃጥልም።» ያቃጥላል። በየ1,000 ሜትሩ አደገኛው ጨረር 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ባርኔጣ።

«ጂንስ ወፍራም ስለሆነ ይሻላል።» እስኪረጥብ ድረስ። ከረጠበ በኋላ ከባድ ነው፣ ቶሎ አይደርቅም፣ ላዩ ላይ ንፋስ ሲመጣ ታውቁታላችሁ። ረጅምና ቀላል ሱሪ ልበሱ፤ አጭር የለበሰውን ሳማው ያስተምረዋል።

«የምንጭ ውሃ ንጹሕ ነው።» ከላይ ከብት ይሰማራል። ከቤት 3 ሊትር ያዙ፤ የግድ ከሆነ፣ በዚህ ከፍታ ከፈላ በኋላ 3 ደቂቃ ይንተክተክ።

«ባዶ ሆድ ይቀልላል።» ለአንድ ሰዓት። ጾም ከሆነ የሚፈታበትን ሰዓት አስባችሁ ቀን ምረጡ። ላልጾመ በሶና ቆሎ የሚያክል ነገር የለም፤ ውድ ቸኮሌት አትግዙ።

«ስልኬ ላይ ካርታ አለ።» ኔትወርክ ሲጠፋስ? ቀድማችሁ አውርዱት። አካባቢውን የሚያውቅ ሰው ግን ይዛችሁ ሂዱ፤ ከመነሳታችሁ በፊትም የዚያን ሳምንት የጸጥታ ሁኔታ ከነዋሪው አጣሩ። ባለፈው ወር ሰላም ነበር ማለት መረጃ አይደለም።

«ነብር አለ ይባላል።» አለ፣ ግን ከእናንተ ይሸሻል። ድኩላና ጉሬዛ ካያችሁ ዕድለኞች ናችሁ፤ ድምፅ ማጉያ ይዞ የመጣ ሰው ያለበት ቡድን እነሱንም አያይም። የሚያሳስበኝ ደኑ ዳር ያሉ መንደሮች ውሻ ነው። አትሩጡ፤ ድንጋይ እንደሚያነሳ ሰው ጎንበስ ማለት ብዙ ጊዜ ይበቃል። ከነከሰ ግን ቁስሉን በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ እጠቡ፣ በዚያው ቀን ለእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ጤና ተቋም ሂዱ። «ትንሽ ጭረት ናት» የሚለውን አልሰማም።