ኦፕን ሶርስ ምንድን ነው? (በፍላሽ የመጣ ሁሉ አይደለም)

ባለፈው ሳምንት አንድ ተማሪ ከኮምቦልቻ ሐረጎን ወጥቶ ደሴ መጣ፤ ፒያሳ አጠገብ ወዳለችው የጥገና ክፍሌ። የመመረቂያ ጽሑፉ አልከፈት ብሎታል። ፍላሹ ውስጥ ያለው ፋይል በሙሉ ሾርትከት ሆኗል። ምን ጭነህበት ነበር አልኩት።

«ኤስፒኤስኤስ ብቻ ነው ጋሼ። እሱም ኦፕን ሶርስ ነው፤ ጓደኛዬ በፍላሽ ሰጥቶኝ ነው።»

ኤስፒኤስኤስ የሚባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም የአይቢኤም ኩባንያ ነው። ኮዱ (ፕሮግራሙ የተጻፈበት ጽሑፍ) ዝግ ነው፤ ፈቃዱ በገንዘብ ይገዛል። ልጁ የጫነው ክራክ ነው፤ ፈቃድ እንዳይጠይቅ ቁልፉ የተሰበረ ቅጂ። አብሮት የመጣው መመሪያ «መጀመሪያ አንቲቫይረሱን አጥፉ» ይላል፤ አጠፋና ጫነ። የቀረውን ገምቱት።

በልጁ አልፈርድም። በቅርቡ አንድ ሥልጠና ላይ ተቀምጬ አሠልጣኙ ራሱ «ኦፕን ሶርስ ማለት የማይከፈልበት ሶፍትዌር ነው» ብሎ ሲያስተምር ሰምቻለሁ። ምሳሌም ደረደረ፤ ክሮም፣ ደብሊውፒኤስ ኦፊስ፣ ቴሌግራም። እጄን ባወጣ ሥልጠናው ወደ ክርክር ሊዞር ነው። ዝም አልኩ። ዝም ያልኩት ግን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ኦፕን ሶርስ የሚሰጣቸው አራት መብቶች የታወቁ ናቸው፤ ፕሮግራሙን ለፈለጉት ሥራ መጠቀም፣ ኮዱን ማየትና መለወጥ፣ ለሌላ ሰው መስጠት፣ የለወጡትንም መስጠት። እዚህ ላይ አልቆይም። እኔን የሚያናድደኝ «ነፃ» የምትለው ቃል ናት። ነፃ የወጣ ሰው ነፃ ነው፤ ጓደኛ የከፈለልን ሻይ ደግሞ በነፃ ነው። በመሃል ያለችው አንዲት «በ» ናት፣ እሷን ስንውጣት ሁሉም ነገር ይደበላለቃል። እንግሊዝኛውም ከዚህ አላመለጠም፤ «ፍሪ» ሁለቱንም ነው። አሜሪካዊው ፕሮግራመር ሪቻርድ ስቶልማን በ1983 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ጂኤንዩ የተባለውን የነፃ ሶፍትዌር ፕሮጀክት ካወጀ ወዲህ «የማወራው ስለ ነፃነት ነው፣ ስለ ዋጋ አይደለም» እያለ ሲያስረዳ ኖሯል። በ1998 «ኦፕን ሶርስ» የሚል ሌላ ስም የወጣውም በከፊል ይህን መደናገር ለመሸሽ ነበር። ሸሽተን የት እንደደረስን ከላይ አያችሁ።

እኔ ለተማሪዎች የምነግራቸው በእርሾ ነው። ጎረቤት እንጀራ ብትልክላችሁ በልታችሁ ጨረሳችሁ፤ አመስግናችሁ ሳህኑን መለሳችሁ። ደብሊውፒኤስ ኦፊስ ይህ ነው። በነፃ በላችሁ፤ ሊጡን ግን አላያችሁም፣ ነገ ካልላከችም የላችሁም። እርሾ ብትሰጣችሁ ግን ሌላ ነው። ራሳችሁ ታቦካላችሁ፣ ገብስ ልቀላቅልበት ብትሉ የሚከለክላችሁ የለም፣ ከርሞ ለሌላ ጎረቤት ትቀዳላችሁ። ኦፕን ሶርስ እርሾው ነው። ክራክስ? ክራክ በመስኮት ገብቶ የሰው እንጀራ መውሰድ ነው። ያውም ማን ምን እንደነሰነሰበት ሳያውቁ።

ምሳሌውን ትንሽ ልለጥጠው። እርሾ ሰጪዎች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዷ «ውሰጂ፣ እንደፈለግሽ አድርጊው» ትላለች፤ እንደ ኤምአይቲ ያለው ፈቃድ ማለት ነው። ሌላዋ «በዚህ እርሾ የጋገርሽውን ለሰጠሽው ሰው እርሾውንም አትንፈጊው» ትላለች፤ ይቺ ጂፒኤል ናት። የሶፍትዌር ተማሪዎች እዚህ ጋ ይደነግጣሉ፤ «የጂፒኤል ኮድ ከተጠቀምኩ ፕሮጀክቴን ለዓለም መልቀቅ አለብኝ?» ይሉኛል። የለባችሁም። እቤታችሁ ጋግራችሁ ብትበሉ የሚጠይቃችሁ የለም። ግዴታው የሚመጣው ፕሮግራሙን ለሌላ ሰው ስትሰጡ ነው፤ ያኔ ኮዱም ለተቀባዩ ይገባዋል።

ደግሞ የቤቱ ባለቤት ሲለወጥ እርሾው ተይዞ ይወጣል። ኦራክል የተባለው ኩባንያ በ2010 ሰን ማይክሮሲስተምስ የተባለውን ሌላ ኩባንያ ሲገዛ ኦፕንኦፊስም (እንደ ወርድ የሚጻፍበት ክፍት ፕሮግራም) አብሮ ሄደ። ብዙ ሠሪዎች የባለቤቱ ነገር ስላላማራቸው በዚያው ዓመት ኮዱን ይዘው ሊብሬኦፊስን ጀመሩ። ማንንም ማስፈቀድ አላስፈለጋቸውም። ዛሬ መመረቂያ ጽሑፍም ይጻፍበታል። በዝግ ሶፍትዌር ይህን ልሞክር ያለ ሰው የሚጠብቀው ፍርድ ቤት ነው።

ወደ አሠልጣኙ ልመለስ። ክሮም የተሠራው ክሮሚየም ከሚባል ክፍት ኮድ ነው፤ ክሮም ራሱ ግን ጉግል የራሱን ጨማምሮበት የሚሰጠው ነው። ቴሌግራም ስልካችሁ ላይ ያለው ኮዱ ክፍት ነው፣ ኩባንያው ጋ ባለው ማእከላዊ ኮምፒውተር፣ በሰርቨሩ፣ ላይ ያለው ግን ዝግ ነው። ስለዚህ ግማሽ ልክ ነበር፤ ግማሽ ልክ የሆነ ነገር ደግሞ ከፍጹም ስህተት ይልቅ ያስቸግራል። በአንጻሩ ዶርም ውስጥ ፊልም የሚታይበት ቪኤልሲ ሙሉ በሙሉ ኦፕን ሶርስ ነው። ፓሪስ አጠገብ ተማሪዎች በ1996 የጀመሩት ሥራ ነው። አሠልጣኙ ግን እሱን በዝርዝሩ ውስጥ አላስገባውም።

«ኮዱ ለሁሉም ከታየማ ሌባም ያየዋል» የሚል ደግሞ አይጠፋም። ያያል። የሚያርመውም ያየዋል። ግን የሙያዬ ነገር ሆኖ ዝም ማለት አልችልም፤ ይታያል ማለት ታይቷል ማለት አይደለም። በ2024 ኤክስዜድ በተባለች ትንሽ የፋይል መጭመቂያ ውስጥ አንድ ሰው የጓሮ በር (በድብቅ መግቢያ) ሸሽጎ ተገኘ። የደረሰበት መሐንዲስ ኮድ ሲያነብ አልነበረም፤ ሰርቨር ውስጥ መግባት ግማሽ ሰከንድ ያህል ዘገየብኝ ብሎ ነው ምክንያቱን ፍለጋ የገባው። ኮዱ ዝግ ቢሆን እሱም እዚያ ጋ ይቆም ነበር።

ሌላም አለ። ተማሪዎች ሊብሬኦፊስ «አማርኛ ያበላሻል» ይላሉ። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የፋይሉ ነው። ከዩኒኮድ (ለየፊደሉ የራሱን ቁጥር ከሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሥርዓት) በፊት የተሠሩት የግዕዝ ፎንቶች ፊደላችንን በላቲን ፊደላት ቁጥር ላይ ነበር የሚያስቀምጡት። ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ወርድም ያው ዝባዝንኬ ነው የሚያሳየው። ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ ከገባ ከ1999 ወዲህ ይህ መቅረት ነበረበት፤ ግን የአማካሪው አሮጌ ፋይል ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። አቢሲኒካ ኤስአይኤልን ጫኑ። ፎንቱ ራሱ በክፍት ፈቃድ የወጣ ነው።

የምሕንድስና ስዕል የሚሠራበትን አውቶካድን ጥላችሁ ወደ ክፍቱ ዙሩ ግን አልልም። ከሳይት የሚመጣው ስዕል ሁሉ የአውቶካድ ፋይል በሆነው በዲደብሊውጂ ነው፣ ክፍቶቹ ፕሮግራሞች እሱ ላይ ያነክሳሉ። ለስታቲስቲክስ ግን ክራክ ፍለጋ መንከራተት ምን አመጣው? ፒኤስፒፒ የሚባለው ክፍት ፕሮግራም የኤስፒኤስኤስን ፋይል ይከፍታል፣ ለተለመደው የመጠይቅ ትንተና ይበቃል። ከዚያ በላይ ለሚፈልግ አር የሚባለው ክፍት የስታቲስቲክስ ፕሮግራም አለ።

ለልጁም ያደረግሁት ይህንኑ ነው። ላፕቶፑን ፎርማት አደረግሁለት። ፍላሹ ላይ ፋይሎቹ አልጠፉም ነበር፤ ቫይረሱ ደብቋቸው ነው፣ አወጣሁለት። ፒኤስፒፒንና ሊብሬኦፊስን ጫንኩለት። የሊብሬኦፊስ መጫኛ ከ300 ሜጋባይት በላይ ስለሆነ ፓኬጅ እንዳይፈጅ ፍላሹ ላይም ገለበጥኩለት። ለዶርም ልጆች ሁሉ ስጣቸው አልኩት። ደንግጦ አየኝ፤ ይፈቀዳል ወይ አለኝ። ይፈቀዳል።

ሲወጣ ሒሳቡን ነገርኩት።

«ጋሼ፣ ነፃ ነው አላሉኝም እንዴ?»

«ነፃ ነው አልኩህ እንጂ በነፃ ነው አላልኩህም። የምትከፍለው ለጉልበቴ ነው።»

እየሳቀ ከፈለና ወደ ኮምቦልቻ ሚኒባስ ሮጠ።