ስለ ባሮሎ ቀይ የወይን ጠጅ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ባሮሎ በሰሜን ምዕራብ ጣሊያን፣ በፒየሞንቴ ክልል፣ ላንጌ በሚባሉት ኮረብታዎች ላይ ኔቢዮሎ ከተባለ አንድ የወይን ዝርያ ብቻ የሚዘጋጅ ቀይ የወይን ጠጅ ነው። አምራቾቹ በአብዛኛው ጥቂት ሄክታር መሬት ከአባት የወረሱ ቤተሰቦች ሲሆኑ፣ ስለ ሥራቸው በስፋት የሚነገረው ግን ብዙ ጊዜ ከእውነታው የራቀ ነው። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

«ቀይ የወይን ጠጅ በጠቆረ ቁጥር ይበረታል።» ኔቢዮሎ ይህን አባባል በቀላሉ ያፈርሰዋል። ባሮሎ ብርጭቆ ውስጥ ሲቀዳ ከበስተጀርባ የተያዘ ጣት እስኪታይ ድረስ የሳሳ ነው፤ ጥቂት ዓመታት ሲቆይም ጠርዙ ወደ ሸክላ ቀለም ያደላል። ጣፋጩን አክሱማይት የለመደ ሰው ውኃ የተቀላቀለበት ሊመስለው ይችላል፤ አንድ ጊዜ ሲጎነጭ ግን ታኒን የተባለው ድድ የሚያኮማትር የወይን ልጣጭ ንጥረ ነገር እና ምራቅ የሚያስመጣው ኮምጣጣነት ሐሳቡን ያስቀይሩታል።

«የቤተሰብ የወይን ጠጅ ከቅድመ አያት ጀምሮ ሳይለወጥ የመጣ ነው።» ከሁሉም ይበልጥ ሥር የሰደደው ስሕተት ይህ ይመስለኛል። ስኳሩ ሙሉ በሙሉ ፈልቶ ያለቀበት የዛሬው ባሮሎ መልክ የያዘው በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ገደማ ሲሆን፣ ከዚያ በፊት የአካባቢው የኔቢዮሎ ወይን ጠጅ ብዙውን ጊዜ ጣፋጭነት ያልለቀቀው ነበር። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽም ብዙ ቤተሰቦች ፍሬውን ለነጋዴ ይሸጡ ነበር እንጂ በራሳቸው ስም ጠርሙስ አይሞሉም ነበር። ላ ሞራ ከተባለው የአካባቢው መንደር የሆነው አምራች ኤሊዮ አልታሬ በ1970ዎቹ ወደ ፈረንሳይ ቡርጎኝ ሄዶ የዚያን አገር ገበሬዎች አሠራርና ኑሮ ካየ በኋላ፣ በ1983 የአባቱን ያረጁ ትላልቅ በርሜሎች በሞተር መጋዝ ቆራረጣቸው፤ በቦታቸውም 225 ሊትር የሚይዙ አዳዲስ የፈረንሳይ በርሜሎችን አስገባ። አባትየው ይህን ይቅር ሳይሉ ልጃቸውን ከውርስ ነቀሉት። በተቃራኒው ሌላው የባሮሎ አምራች ባርቶሎ ማስካሬሎ በአሮጌው መንገድ ጸንቶ፣ በጠርሙሶቹ ወረቀት ላይ «ባሪክ የለም፣ ቤርሉስኮኒ የለም» እስከ ማለት ደረሰ፤ ባሪክ ያለው እነዚያኑ ትናንሽ በርሜሎች ሲሆን፣ ቤርሉስኮኒ ደግሞ የጣሊያን ፖለቲከኛ ነበር። ዛሬ ሁለቱ ወገኖች እጅግ ተቀራርበዋል፤ ቀድሞ ትንሹን በርሜል ያወደሱ ልጆችም ወደ ትልቁ የተመለሱ አሉ።

«ጥራቱ የሚመጣው ከእንጨቱ ነው።» ብዙ ሺህ ሊትር የሚይዝ ኦክ ከተባለ ዛፍ የተሠራ ያረጀ በርሜል ለጠጁ ጣዕም የሚሰጠው ከሞላ ጎደል የለም፤ ሥራው በእንጨቱ ረቂቅ ቀዳዳዎች ጥቂት አየር እያስገባ ታኒኑን ቀስ በቀስ ማለዘብ ነው። የቫኒላ ሽታ የሚሰጠው አዲሱ ትንሽ በርሜል ሲሆን፣ ሲበዛ የኔቢዮሎን የጽጌረዳ መዓዛ ይሸፍናል።

«ብዙ ያፈራ ተክል ጥሩ ተክል ነው።» ረሃብን የሚያውቅ ገበሬ እንዲህ ቢያስብ አይፈረድበትም። ሆኖም ሕጉ ለባሮሎ ከአንድ ሄክታር ከ8 ቶን በላይ ፍሬ አይፈቅድም፤ ጥንቁቅ ቤተሰቦችም በአገሩ በጋ፣ በሐምሌና በነሐሴ ገደማ፣ ገና አረንጓዴ የሆኑ ዘለላዎችን ቆርጠው መሬት ላይ ይጥላሉ፤ ይህም የቀሩት ዘለላዎች በጥቅምት ገደማ በሚገባ እንዲበስሉ ነው።

በጠርሙሱ አንገት ላይ የሚለጠፈው የመንግሥት ማኅተምም የላቀ ጥራት ምስክር ተደርጎ ይወሰዳል። ባሮሎ ማኅተሙ የሚያመለክተውን ማዕረግ በ1980 አግኝቷል፤ ማኅተሙ ግን የሚያረጋግጠው የትውልድ ቦታውን፣ ዝርያውን እና ደንቡ መጠበቁን ነው። የአንቲኖሪ ቤተሰብ በጣሊያን ቶስካና ክልል ያዘጋጀው፣ ቲኛኔሎ የተባለው ዝነኛ የወይን ጠጅ እንኳ የ1971 ምርቱ ገበያ የወጣው ተራ «የገበታ የወይን ጠጅ» ተብሎ ነበር።

«የወይን ጠጅ በቆየ ቁጥር ይጣፍጣል።» አብዛኛው የወይን ጠጅ በጥቂት ዓመታት ውስጥ እንዲጠጣ የተሠራ ነው። ባሮሎ ዘመን የሚሻገረው ታኒኑና ኮምጣጣነቱ ስለሚያቆዩት ነው፤ ሙቀት ባለበት ክፍል ከተቀመጠ ግን እሱም ይበላሻል። ሕጉ ራሱ ቢያንስ 38 ወራት እንዲቆይ፣ ከእነዚህም 18ቱን በእንጨት በርሜል እንዲያሳልፍ ያስገድዳል፤ በ2020 የተለቀመው ከጥር 2024 በፊት ሊሸጥ አይችልም ነበር። ስለዚህ አንድ ቤተሰብ የሦስት ዓመት ምርት ምድር ቤቱ ውስጥ ቆልፎ ሳለ የዕለት ወጪውን የሚሸፍነው ቶሎ ለገበያ በሚደርሱት ዶልቼቶ እና ባርቤራ ከተባሉ ሌሎች የወይን ዝርያዎች በሚዘጋጁ ጠጆች ነው።