ባሕር ዳርና ዘጌ፦ የጣና ደቡባዊ ዳርቻ ጉብኝት

ባሕር ዳር ዓባይ ከጣና ከሚወጣበት አፍ አጠገብ፣ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች የአማራ ክልል ዋና ከተማ ናት። ዘጌ ከከተማዋ በስተሰሜን ምዕራብ ወደ ሐይቁ ዘልቆ የገባ፣ በቡና ደን የተሸፈነ ልሳነ ምድር ነው። ሁለቱን በአንድ ቀን አጣጥሞ ማየት ይቻላል። ጢስ ዓባይን እዚያው ቀን ላይ የሚጨምር ግን አንዱንም በቅጡ ሳያይ ይመሻል።

ዘጌን ማስቀደም ይሻላል፤ ምክንያቱም ነፋሱ ነው። ጣና ጠዋት የረጋ ነው። ፀሐይዋ ስትበረታ ነፋስ ይነሳል፤ ከቀትር በኋላ ማዕበሉ ትንንሽ ጀልባዎችን ያንገላታል፣ ተሳፋሪውንም ያበሰብሳል። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ የተነሳ ሰው በባለ ሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ተጉዞ ይደርሳል፣ ቀትር ሳያልፍም ይመለሳል። የኮንትራት ጀልባ ዋጋ ለጀልባው እንጂ ለሰው አይደለም፤ ስለዚህ አራት አምስት ሆኖ መሄድ ያዋጣል። ሳይሳፈሩ የት የት እንደሚቆም፣ ስንት ሰዓት እንደሚጠብቅና ነዳጁ በማን እንደሆነ መስማማት ይገባል፤ ጭቅጭቅ የሚነሳው ብዙውን ጊዜ መልስ ላይ ነው። የገዳማቱ መግቢያ ለየብቻው ይከፈላል። ላይፍ ጃኬት የሌለው ጀልባ ላይ አለመውጣት ነው። በመኪና መሄድ የሚመርጥ የልሳነ ምድሩ አንገት ላይ ያለችው አፋፍ ከተማ ድረስ ይደርሳል።

በዘጌ በሬ ጠምዶ ማረስ በልማድ የተከለከለ ነው። ኑሮው ቡናና ጌሾ ስለሆነ ደኑ እስከ ዛሬ ቆይቷል። ከወደቡ በደኑ ውስጥ ሽቅብ የሚወስደው የእግር መንገድ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ያደርሳል። ጊዜ የሌለው ሰው ሌላውን ትቶ ይህችን ብቻ ቢያይ አይቆጭም። ክቡ ቤተ ክርስቲያን ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስትና መቅደስ አለው፤ ሥዕሎቹ ያሉት በአራት ማዕዘኑ መቅደስ ውጫዊ ግድግዳ ላይ ነው። የተሣሉት ግድግዳው ላይ በተለጠፈ ጨርቅ ላይ ስለሆነ ጣሪያው ካፈሰሰ ጨርቁ ይላቀቃል፤ ትልቁ ጠላታቸው እርጥበት ነው። ጻድቃን በሁለት ዓይን ፊት ለፊት፣ ክፉዎች በአንድ ዓይን በጎን ይሣላሉ። በላዔ ሰብንም ይፈልጉት፦ 78 ነፍስ በልቶ፣ ስለ እመቤታችን ስም በሰጠው ጥርኝ ውኃ የዳነው ሰው ነው። ጫማ ይወልቃል፣ ሴቶች ነጠላ ይዘው ቢሄዱ ጥሩ ነው፣ ፍላሽ አይበራም።

ሴቶች አስቀድመው ማወቅ ያለባቸው ነገር አለ፦ ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ የተባሉት የሐይቁ ደሴት ገዳማት ሴት አይገባባቸውም፤ የዘጌዎቹና እንጦስ ኢየሱስ ግን ይገባባቸዋል። የእነ ዐፄ ፋሲለደስ አጽም ያረፈበት ዳጋና እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት ናርጋ ሥላሴ ሩቅ ስለሆኑ የራሳቸውን ቀን ይፈልጋሉ።

በመንገድ ላይ የሚታየው ታንኳ ከደንገል የተሠራ ነው። ደንገሉ ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ ባለቤቱ ሲወርድ አቁሞ ያደርቀዋል፤ እንዲያም ሆኖ ዕድሜው አጭር ነው። ጉማሬ ለማየት የዓባይ መውጫ ይሻላል፤ ጀልባው ርቀቱን ጠብቆ ሞተሩን ዝግ ያድርግ።

ጢስ ዓባይ ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ሰው እየተናደደ የሚመለሰው ወሩን ሳያይ ሄዶ ነው። ፏፏቴው ከመድረሱ በፊት ውኃ ወደ ኃይል ማመንጫዎቹ ይጠለፋል፤ እ.ኤ.አ. በ2010 ሥራ የጀመረው ጣና በለስም ከሐይቁ ራሱ ይቀዳል። በመሆኑም በበጋ ገደሉ ላይ ቀጭን ጅረት ብቻ ሊቀር ይችላል። ነሐሴና መስከረም ግን ስሙን የሰጠው ጢስ ከሩቅ ይታያል፤ ያን ጊዜ መንገዱ ጭቃ ስለሆነ የሚይዝ ጫማ ያስፈልጋል። በእግር የሚሄድ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራውን የአላታ የድንጋይ ድልድይ ይሻገራል። የመንገዱን ደኅንነት ከመናኸሪያ ጠይቆ መነሳት የግድ ነው።

ለአመሻሹ ቤዛዊት ኮረብታ በባጃጅ ይደረሳል፤ ዓባይ ከታች ሲጠማዘዝ ይታያል። ለምሳ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ሙሉውን የተጠበሰ ይዘዙ፤ ጉላሹ የትም አለ። ሐይቁ ዳር መዋኘት ግን አይመከርም፤ ቢልሃርዚያ አለበት። ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ በተለይ ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ ወባ ስለሚበረታ አጎበር ያለው ክፍል ጠይቆ መያዝ ነው።