«ኳስ ትምህርት ያስፈታል» እና ሌሎች፦ ጎንደር ላይ ስለ ልጆች ኳስ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ጎንደር ላይ ኳስ የማይወድ ሰው መፈለግ ከንቱ ድካም ነው። ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ሲያነሳ ማን ቤቱ ቁጭ አለ? ያው ሰው ግን ልጁ «ከትምህርት መልስ ፕሮጀክት ልግባ» ሲለው ፊቱ ይጠቁራል። ፕሮጀክት የምንለው አንድ አሰልጣኝ የሰፈር ልጆችን ሰብስቦ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን የሚያሠራበትን ነው። እኔም ከእንዲህ ዓይነቱ በአንዱ ኮን እየደረደርኩ፣ ኳስ እየነፋሁ አግዛለሁ። ከወላጅም ከጎረቤትም ከራሳችንም የምሰማቸው ነገሮች አሉ። ብዙዎቹ ልክ አይደሉም።

«ኳስ ትምህርት ያስፈታል»

ይህን አብዝተው የሚሉት እናቶች ናቸው። አልፈርድባቸውም። ልጁ ደብተሩን ወርውሮ ወጥቶ ማታ አቧራ ለብሶ ሲመጣ ያዩት እነሱ ናቸው። ያ ግን ሰዓት የሌለው ኳስ ነው። በድንጋይ ጎል የሚጫወት ልጅ የሚያቆመው ወይ ኳሱ ሲቀደድ ወይ ሲመሽ ነው። ሥልጠና 10 ሰዓት ይጀምራል፣ 11 ሰዓት ተኩል ያበቃል፤ ከዚያ ወደ ቤት።

ደግሞ የፈረቃውን ነገር እንርሳ እንዴ? ብዙ የመንግሥት ትምህርት ቤት በፈረቃ ነው የሚያስተምረው። የጠዋቱ ልጅ እኩለ ቀን ላይ ይለቀቃል። እናቱ ቅዳሜ ገበያ ሽንኩርት እየሸጠች ወይ ሰው ቤት ልብስ እያጠበች ነው። ከዚያ እስከ ማታ ልጁን የሚያይ ሰው የለም። ያንን ሁሉ ሰዓት ደብተር ላይ ያሳልፈዋል ብሎ የሚያምን ካለ እሱ ልጅ አላሳደገም። የከሰዓቱ ልጅ ደግሞ ከክፍል ሲወጣ እኛ ኮን እየሰበሰብን ነው። ለእሱ ሥልጠናው ጠዋት 2 ሰዓት ላይ መሆን አለበት። ይህን ለማወቅ እኛ ራሳችን አንድ ዓመት ፈጅቶብናል። «ከሰዓት የሚቀሩት ልጆች ሰነፎች ናቸው» ስንል ነበር የከረምነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ላለ ልጅ በቀን በአማካይ ቢያንስ 60 ደቂቃ ከመካከለኛ እስከ ጠንከር ያለ እንቅስቃሴ ያስፈልገዋል ይላል። ክፍል ውስጥ ወንበር ላይ ሦስት ሆነው ተጣበው የሚውሉ ልጆች ይህን ከየት ያመጡታል?

አንዴ ጭራሽ ብልጥ ለመሆን ሞክረን ነበር። ውጤቱ የወረደ ልጅ ከሥልጠና ይታገድ አልን። ወላጆች አጨበጨቡልን። የታገደው ልጅ ግን ወደ ደብተሩ አልተመለሰም፤ ጆተኒ ቤት ነው ያገኘነው። አሁን ውጤቱ የወረደውን ግማሽ ሰዓት ቀድሞ እንዲመጣ እናደርጋለን፤ የቤት ሥራውን ሜዳው ዳር ይሠራል። አንዳንዱ ኳሷን እያየ ነው የሚያካፍለው፤ ቢሆንም ያካፍላል።

«ሜዳና ታኬታ ሳይኖር ምን ሥልጠና አለ?»

ጎንደር ዳገትና ቁልቁለት ናት። ኳስ ካመለጠች ቀሃ ወንዝ ድረስ ልትወርድ ትችላለች። ሰፊ ለጥ ያለ ሜዳ እስኪገኝ እንጠብቅ ካልን ልጆቹ ያገባሉ።

ደግነቱ ሕፃን ትልቅ ሜዳ አያስፈልገውም። የአዋቂ ሜዳ ርዝመቱ ቢያንስ 90 ሜትር ነው። እዚያ ላይ የዘጠኝ ዓመት ልጆችን 11 ለ11 ብታሰልፍ ሦስት ጎበዞች ይጫወታሉ፣ ሌላው ይሮጣል፣ በረኛው ይበርደዋል። አራት ለአራት ስታደርጋቸው ሁሉም ኳስ ይነካል። ለዚያ የትምህርት ቤት ግቢ ጥግ ይበቃል። ኳሱም ቢሆን 5 ቁጥር የአዋቂ ነው፤ ከ410 እስከ 450 ግራም ይመዝናል። ለእነሱ 4 ቁጥር ይሻላል። ታኬታማ ጠጠር ላይ ያንሸራትታል፤ ሸራ ጫማ ይበልጠዋል።

«ዓላማው ለፋሲል ተጫዋች ማውጣት ነው»

ከአሰልጣኞች ጋር አብዝቼ የምጨቃጨቀው በዚህ ነው። አንድ ትልቅ ክለብ ከ25 እስከ 30 ተጫዋች ቢይዝ ነው። ከአዘዞ እስከ ሳሙና በር ስንት መቶ ልጅ ኳስ ይመታል? በዚህ ስሌት ሥልጠናውን ከመዘንነው ሁሉም ልጅ ማለት ይቻላል «የወደቀ» ሊባል ነው።

ጉዳቱ ደግሞ እዚያ አያበቃም። ለማሳለፍ የቸኮለ አሰልጣኝ ቶሎ ያደገውን፣ ጢም ያቀመቀመውን ይመርጣል። ትንሹ ተቀያሪ ወንበር ላይ ይሰለቻል። አባት ደግሞ የልጁን ዕድሜ ሁለት ዓመት ቀንሶ ያስመዘግባል፤ ይህን ሁላችንም እናውቀዋለን፣ ማንም አይናገረውም። ፊፋ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በ17 ዓመት በታች ዓለም ዋንጫ ላይ የተጫዋቾችን የእጅ አንጓ በኤምአርአይ ያስመረምራል። የአንጓው አጥንት ሙሉ በሙሉ ከገጠመ፣ ወረቀቱ ምንም ቢል፣ ዕድሜው ያለፈ ለመሆኑ ትልቅ ምልክት ነው። በውሸት ዕድሜ ያደገ ልጅ እዚያ ቢደርስ እንኳ የሚጠብቀው ይህ ነው።

«ሴቶቹ ፍላጎት የላቸውም»

እግር ኳስ ተጫዋቿ ሎዛ አበራ ማልታ ድረስ ሄዳ ለቢርኪርካራ ተጫውታለች። የእኛ ሴቶች ስሟን ማሊያቸው ላይ በእስክሪብቶ ጽፈው ይመጣሉ። ታዲያ ለምን ይቀራሉ? አንድ ወር ሙሉ የቀሩበትን ቀን መዝግበን አየን። ሰፈሩ ውስጥ ውሃ የሚለቀቅበት ቀን ነው። ጎንደር ውሃ በፈረቃ እንደሚመጣ ለጎንደር ሰው አይነገርም። ቧንቧው ሲመጣ ወንድምየው ኳስ ሜዳ፣ እህትየው ጀሪካን ጋ። የሴቶቹን ቀን ቀየርነው፤ መጡ።

ሌላው መንገዱ ነው። በተለይ በክልሉ ግጭቱ ከተነሳበት ከ2015 መጨረሻ ወዲህ ማንም ወላጅ ሴት ልጁ ሲጨልም መንገድ ላይ እንድትሆን አይፈልግም። ልክ ነው። ስለዚህ ሴቶቹ ቀድመው ይጀምራሉ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ በቡድን ይመለሳሉ።

«ላብ ላይ ውሃ ከጠጣ ብርድ ይመታዋል»

አይመታውም። የሳንባ ምች የሚመጣው ከጀርም ነው፤ ከውሃ አይደለም። ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ በጥር ፀሐይ የሚሮጥ ልጅ ውሃ ሲከለከል ራሱን ያመዋል፣ ይዞርበታል። ንጹሕ ውሃ፣ ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ። ይኸው ነው።

«ኳስ ካለ ልጅ ከሱስ ይርቃል»

ይህኛው የእኛ የራሳችን ነው። ገንዘብ ስንለምን የምንለው። ኳስ ልጅን ይሰበስባል፣ እውነት ነው። የተሰበሰበውን ልጅ ስሙን የሚጠራ፣ ትናንት ለምን ቀረህ የሚል፣ ቤቱ ድረስ ሄዶ «እማማ፣ ልጁ ታሞ ነው ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ከሌለ ግን ተበትኖ ይሄዳል። ሱሱን የሚማርበትም ያው የተሰበሰበበት ቦታ ሊሆን ይችላል።

አምና አሰልጣኛችን በቤተሰብ ጉዳይ ሁለት ሳምንት ገጠር ገባ። ኳሱ ነበር፣ ኮኑም ነበር፣ ቁልፉም እኔ ጋ ነበር። እኔ ደግሞ ሥራ በዝቶብኝ ሁለት ቀን ብቻ ሄድኩ። ልጆቹ ሦስት ቀን መጥተው በሩ ላይ ጠበቁ፤ በአራተኛው ቀሩ። አሰልጣኙ ሲመለስ በየቤቱ እየዞርን ለመሰብሰብ አንድ ወር ፈጀብን። ሁለቱ እስካሁን አልመጡም።