የምርምር ማኅበራዊ ገጾችና የአዲስ አበባ ዙሪያ ተመራማሪዎች

የምርምር ማኅበራዊ ገጾች ተመራማሪዎች ሥራቸውን የሚያስቀምጡባቸው፣ የሌላውን የሚያነቡባቸውና የሙያ አጋር የሚፈልጉባቸው መድረኮች ናቸው። በሰፊው የሚታወቁት ሪሰርችጌትና አካዳሚያ ሁለቱም የተመሠረቱት እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። ከእነሱ ጋር አብረው የሚነሡት ጎግል ስኮላር የፍለጋ መሣሪያ፣ ኦርኪድ ደግሞ ለእያንዳንዱ ተመራማሪ ባለ16 አኃዝ ቋሚ መለያ የሚሰጥ ሥርዓት ነው።

በአዲስ አበባ ዳርና ዙሪያ ምርምር የሚካሄድባቸው ቦታዎች ጥቂት አይደሉም። ቂሊንጦ ላይ የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ፣ እንጦጦ ላይ የሥነ ፈለክ ማዕከል፣ ሆለታ ላይ የግብርና ምርምር ማዕከል ይገኛሉ። ቢሾፍቱ ደግሞ የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከልና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ መቀመጫ ናት። በእነዚህ ቦታዎች የሚሠራና ክፍያ የሚጠየቅበትን ጽሑፍ ማግኘት ያልቻለ ሰው በሪሰርችጌት በኩል ደራሲውን ራሱን መጠየቅ ይችላል፤ ለብዙዎች ትልቁ ጥቅም ይህ ነው።

ለእኛ ተመራማሪዎች የመታየት እንቅፋት ብዙ ጊዜ ከስም ይጀምራል። የቤተሰብ ስም ስለሌለን ጆርናሎች የአባትን ወይም የአያትን ስም በዚያ ቦታ ያስገባሉ። «ኃይሉ» በላቲን ሲጻፍ አንዱ ጽሑፍ ላይ በ«አይ»፣ ሌላው ላይ በ«ዋይ» ከሆነ አንድ ሰው ሁለት ሆኖ ይመዘገባል፤ ሥራውን የጠቀሱ ጽሑፎች ብዛትም ለሁለት ይከፈላል። በአንጻሩ የአንዱ ተስፋዬ ከበደ ሥራ በሌላው ተስፋዬ ከበደ ፕሮፋይል ላይ ተደርቦ ይገኛል። አጻጻፍን ከመጀመሪያው ጽሑፍ ጀምሮ አንድ ማድረግና ኦርኪድ ማውጣት ያለ ምንም ወጪ የሚሠራ ነው፤ ማንኛውም የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ከመመረቁ በፊት ሊያደርገው ይገባል።

በነጻ የሚገኙ ጽሑፎች በብዛት እንደሚጠቀሱ የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ። ሆኖም ደራሲዎች መርጠው የሚጭኑት የተሻለውን ሥራቸውን ሊሆን ስለሚችል ምክንያቱ መጫኑ ብቻ ነው ማለት ያስቸግራል። ሪሰርችጌት ራሱ ለተመራማሪዎች ይሰጠው የነበረውንና ስሌቱ ግልጽ አይደለም ተብሎ ይተች የነበረውን ነጥብ እ.ኤ.አ. በ2022 አንሥቶታል።

ቁጥር የማይደርስበት ተጽዕኖም አለ። ደብረ ዘይት የተዳቀለው ቁንጮ የተባለ የጤፍ ዝርያ እ.ኤ.አ. በ2006 ተለቆ በገበሬው ማሳ ተስፋፍቷል። ዘሩን የዘራ ገበሬ ግን ጽሑፍ አይጠቅስም። የደረጃ ዕድገት የሚወስኑ ኮሚቴዎች የጥቅስ ቁጥር ብቻ ቢያዩ እንዲህ ያለውን ሥራ ይበድላሉ።

ሌላው ጥንቃቄ የሚሻው የቅጂ መብት ነው። የምርምር ጆርናል አሳታሚዎቹ ኤልሰቪየርና የአሜሪካ ኬሚካል ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2017 ሪሰርችጌትን ጀርመን ፍርድ ቤት ከሰው በ2023 በስምምነት ጨርሰዋል። ብዙ አሳታሚዎች ጆርናሉ ያቀናበረውን ፒዲኤፍ መጫን ቢከለክሉም፣ ተቀባይነት ያገኘውን የደራሲውን ረቂቅ በተቋም ማከማቻ (ዩኒቨርሲቲው ወይም ማዕከሉ ባለው የዲጂታል መዝገብ) ማስቀመጥን አንዳንዴም ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ይፈቅዳሉ። ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ2019 ለከፍተኛ ትምህርት ተቋማት ብሔራዊ የክፍት ተደራሽነት (ምርምር ለሁሉም በነጻ እንዲገኝ የማድረግ) ፖሊሲ አጽድቃለች። ስለዚህ ዋናውን ቅጂ በተቋሙ ማከማቻ አኑሮ በማኅበራዊ ገጹ ላይ ሊንኩን መለጠፍ ይሻላል፤ የግል ኩባንያ ደንቡን ቢቀይር ወይም ቢዘጋ ሥራው አብሮ አይጠፋም።